እሜቴ ቶሎ የሰረዘቻቸው ሰው

እሜቴ ቶሎ ወንበር አላት። ተሽከርካሪ፣ መደገፊያው የተቀደደ፣ በስሟ ወጪ የሆነ ወንበር። ተቀምጣበት ያያት ሰው ግን በውሃ ጥናት መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የለም ማለት ይቀላል። ኮምፒውተር የምትጠግነው ቆማ ነው፤ ሻይ የምትጠጣው ቆማ ነው፤ ስልክ ስታወራ ከመስኮቱ እስከ በሩ ትመላለሳለች። ስብሰባ ላይ እንኳ ኃላፊው "እባክሽ ተቀመጪ፣ ዓይናችን ዞረ" እስኪላት ድረስ ግድግዳ ተደግፋ ትወዛወዛለች። ስሙን ያወጡላት የሒሳብ ክፍል ሴቶች ናቸው። "እሜቴ" ያሏት ለክብር ሳይሆን ለሹፈት፣ "ቶሎ" ያሏት ደግሞ ቃሉ ከአፏ ስለማይጠፋ ነው። እሷም አልተቀየመችም፤ ለመቀየምም እኮ ጊዜ ያስፈልጋል።

ድሮ ታይፒስት ነበረች። የጽሕፈት መኪናዎቹ ተሰብስበው መጋዘን ሲገቡ ሌሎቹ ታይፒስቶች ኮምፒውተር ፊት ተተክለው ቀሩ። እሷ ግን ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ ሮጣ ደራሽ፣ ኬብል ሲላቀቅ ጠረጴዛ ሥር ገቢ ሆነች። እንዲህ እንዲህ እያለች የማሽን ክፍሉ ሠራተኛ ሆና ቁጭ አለች፤ መቼም "ቁጭ አለች" ማለት ለእሷ ካስኬደ። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ውሎ ቤቱ ሲገባም መቀመጥ የሚወድ ሰው። "አንቺ እኮ ለቀብርሽም ከለቀስተኛው ቀድመሽ ነው የምትደርሺው" ይላታል። እሷም ሳህኑን ከፊቱ እያነሳች "አንተ ደግሞ ለራስህ ቀብር ታረፍዳለህ" ትለዋለች። ሳህኑን የምታነሳው ታዲያ ሰውየው በልቶ ሳይጨርስ ነው።

የማሽን ክፍሉ ምድር ቤት ነው። በሩ ላይ የጫማ መጥረጊያ ምንጣፍ፣ ውስጡ ያለ እረፍት የሚያጉረመርም ማቀዝቀዣ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጋሼ። ጋሼ ክፍሉ ከተከፈተ ጀምሮ የነበሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ያለ እሳቸው እጅ የተተከለ ማሽን የለም፤ የመሥሪያ ቤቱን የጉድጓድ ንድፎች በኮምፒውተር የሚሠሩትም እሳቸው ናቸው። ነገር የሚያስረዱት ግን በጠብታ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይጀምሩና መሐል ላይ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውላሉ፣ መልሰው ያደርጉታል፤ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እሜቴ ቶሎ ደግሞ ማሰሪያ አንቀጽ ጠብቃ አታውቅም። "ገባኝ፣ ገባኝ ጋሼ!" ብላ ብድግ ነው። ጋሼም "ከገባሽማ ጥሩ" ብለው ወደ ስክሪናቸው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ኃላፊው ሁለቱን ጠርቶ ሥራ ሰጣቸው። በመሥሪያ ቤቱ ያሉት ማሽኖች ሁሉ ዩኒክስ መሰል፣ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ የኮምፒውተር ሥርዓት የሚጠቀሙ፣ ዓመታት ያገለገሉ፣ እምብዛም የማይታመሙ ናቸው። ችግሩ እያንዳንዱ ማሽን የሚያውቀው የራሱን ሰዎች ብቻ መሆኑ ነበር። የጉድጓድ ውሃ የሚለካው ባለሙያ ላቦራቶሪ ሲገባ አንድ የይለፍ ቃል፣ ካርታ ክፍል ሲገባ ሌላ፣ ሪፖርት ሊጽፍ ሲቀመጥ ደግሞ ሌላ ይጠየቃል። ሰዉ ግራ ሲገባው የይለፍ ቃሉን በብጣሽ ወረቀት እየጻፈ ኪቦርዱ ሥር ይለጥፍ ጀመር። የጽዳት ሠራተኛዋ ብትፈልግ መሥሪያ ቤቱን በሙሉ ገብታ ማየት ትችል ነበር፤ ደግነቱ አልፈለገችም።

"አዲሱ ሕንፃ ሳይከፈት" አለ ኃላፊው፣ "ሰው ሁሉ አንድ ስም፣ አንድ ፓስዎርድ ይኑረው። የትም ይቀመጥ የት፣ ማሽኑ ይወቀው።"

መድኃኒቱ የማውጫ አገልግሎት ነው አሉ ጋሼ። የሰው ሁሉ መዝገብ አንድ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ሌሎቹ ማሽኖች አንድ ሰው በራቸው ላይ ሲቆም ወደዚያ ዞረው "ይሄን ሰውዬ ታውቀዋለህ?" ብለው ይጠይቃሉ። መዝገቡ የተዘቀዘቀ ዛፍ ነው። ከላይ መሥሪያ ቤቱ፣ ከሥሩ አንደኛው ቅርንጫፍ ሰዎች፣ ሌላው ቅርንጫፍ ቡድኖች። በሰዎቹ ቅርንጫፍ ላይ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከነስሙ፣ ከነመለያ ቁጥሩ፣ ከነተመሰጠረ የይለፍ ቃሉ ተንጠልጥሏል። ጋሼ ይህን ለማለት ከሻይ ሰዓት እስከ ምሳ ፈጀባቸው። ገና ዛፉ ላይ ሲደርሱ እሜቴ ቶሎ "ገባኝ" ብላ ሰርቨሩን መጫን ጀምራ ነበር።

መጫኑስ ቀላል ነበር፤ ጉድ የፈላው ሰው ማስገባት ላይ ነው። የእያንዳንዱ ሰው ዝርዝር መስመር በመስመር ይጻፍና ለሰርቨሩ ይሰጠዋል። እሜቴ ቶሎ ደግሞ ታይፒስት ናት። ታይፒስት አንቀጽ የምትጀምረው ገባ አድርጋ ነው፤ ማንም ሳያዛት ጣቷ ክፍት ቦታ ይመታል። የማውጫው ሕግ ግን ሌላ ነው። በክፍት ቦታ የሚጀምር መስመር የላይኛው መስመር ቅጥያ ነው ብሎ ያምናል። የሰውየው ስም፣ ቁጥርና ፎልደር ባንድ ትንፋሽ ተያያዘና ሰርቨሩ መልሶ ተፋው። ደግማ ጻፈች፤ ደግሞ ተፋው። አጠገቧ ሰው ያለ ይመስል "ደንቆሮ! የት ነው ስሕተቱ? አሳየኝ!" እያለች ጠረጴዛውን ዞረችው።

ጋሼ ከኋላዋ ቆመው ስክሪኑን ሲያዩ ቆዩና "ቆንጆ አድርገሽ ነው የጻፍሽው" አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉ፣ አደረጉ። "ለሰው ቢሆን።"

ከዚያ በጣታቸው ጠርዙ ላይ ያሉትን ክፍት ቦታዎች አንድ በአንድ አሳዩዋት። እሜቴ ቶሎ ኩም አለች። ዕድሜዋን በሙሉ የተመሰገነችበት ልማድ ሲያዋርዳት ይህ የመጀመሪያው ነው።

በሌላ ቀን ደግሞ ራሷን በራሷ ቆለፈች። ማሽኗ ከማውጫው በቀር ማንንም እንዳያምን አዘዘችው፤ ቀጥላ አንዲት መስመር ልታስተካክል ማውጫውን ራሱን አቆመችው። ተመልሳ ልትገባ ስትል ማሽኑ ማውጫውን ይጠይቃል፤ ማውጫው ተኝቷል፤ ማሽኑም መልስ እየጠበቀ ድርቅ አለ። የላይ ቤት ሰዎችም "ኧረ መግባት አቃተን!" ማለት ጀመሩ። እጅ እግሯ ተሳሰረ። ጋሼ ከጥጋቸው ሳይነሱ፣ ስክሪናቸው ላይ ከመጀመሪያው ክፍት አድርገውት በነበረው መስኮት ገብተው ማውጫውን ቀሰቀሱት።

"ሁለተኛ መስኮት ክፍት ሳይኖርሽ ምንም ነገር አትንኪ" አሏት። "የማሽኑ አስተዳዳሪ ደግሞ ማውጫው ውስጥ አይገባም፤ እዚያው ማሽኑ ላይ ነው የሚኖረው። ማውጫው ቢታመም የሚያድነው እሱ ነው።"

"ገባኝ" አለች። ይሄኛው እውነትም ገብቷታል፤ ላብ አስጠምቋታላ።

ሳያልቅ የቀረው ሦስተኛው ትምህርት ነው። ማውጫው ቆሞ፣ ሰዉ ሁሉ በአንድ ቃል መግባት ጀምሮ፣ ብጣሽ ወረቀቶቹም ከኪቦርዱ ሥር ተለቅመው ሲያበቁ፣ ጋሼ በአንድ ረፋድ ጠሯት። "ስሚኝ። ሰው መሥሪያ ቤቱን ሲለቅ ከማውጫው አይሰረዝም፤ ይቆለፋል። ለምን መሰለሽ፣ ማሽኑ የፋይሉን ባለቤት የሚያውቀው..." አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። በዚህ መሐል የሒሳብ ክፍል ስልክ ጮኸ፤ ፕሪንተሩ ወረቀት ነክሷል። "ገባኝ ጋሼ፣ አይሰረዝም!" እያለች ደረጃውን ስትወጣ የቀረውን ለማቀዝቀዣው ነገሩት።

ሕመሙ የመጣው በድንገት ነው። ጋሼ መነጽራቸውን ሊያነሱ ሲሉ ቀኝ እጃቸው እምቢ አለ፤ ቀጥሎ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ሄደ። ስትሮክ ነው ተባለና ሆስፒታል ተኙ። እሜቴ ቶሎ ልትጠይቃቸው ሄደች። ከመኝታ ክፍሉ በር አላለፈችም። ያን ሁሉ ማሽን የተከለ እጅ ብርድ ልብሱ ላይ የሰው ዕቃ መስሎ ተጋድሟል። ባለቤታቸው ወንበር ስበው "ነይ ተቀመጪ ልጄ" ሲሏት "አይ እትዬ፣ እቸኩላለሁ" ብላ እግሬ አውጪኝ አለች። የሚያስቸኩላት ነገር አልነበረም። ፈርታ ነው። ሰው ሁሉ እሷን መጠበቅ የሚሰለቻት ሴት አድርጎ ነው የሚያያት። እውነቱ ግን ቁጭ ብዬ ከጠበቅኩ ክፉ ወሬ ይመጣል የሚል ስጋት ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት ኖሯል፤ እየሮጠች የምታመልጠውም ከዚያ ነው።

ጋሼ ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ተኝተው ከከረሙ በኋላ ኃላፊው ወደ ማሽን ክፍሉ ብቅ አለና "የጋሼን አካውንት ለጊዜው ዝጊው፤ ደንቡ ነው" አላት።

ዝጊው ነው ያላት። በደንብ ሰምታዋለች። ግን ጠዋት ጠዋት የሰዎቹን ቅርንጫፍ ስትከፍት የጋሼ ስም ከላይ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ላይ ሆኖ ያፈጥባታል። ይመጡ ይሆን? አይመጡ ይሆን? ቢዘጋም ስሙ እዚያው ነው፤ ጥያቄውም እዚያው። ጥያቄው እንዲያልቅላት ፈለገች። አንድ መስመር ጻፈችና ሰረዘቻቸው። ዩኒክስ መሰል ማሽን ጠባዩ እንዲህ ነው፤ የታዘዘውን ይሠራል እንጂ አይመክርም። "እርግጠኛ ነሽ?" እንኳ አላላትም። ያን ዕለት ቀልቧን አጥታ ዋለች፤ የሒሳብ ክፍሉን ፕሪንተር ሳይበላሽ ሄዳ ጠገነችው።

ብዙም ሳይቆይ አዲስ ሠራተኛ ተቀጠረች። ከኮሌጅ የወጣች፣ ንጹሕ፣ ዝምተኛ፣ የጋሼን የጉድጓድ ንድፎች ተረክባ የምትቀጥል ልጅ። እሜቴ ቶሎ ወደ ማውጫው ልታስገባት ስትል ከቁጥሮቹ አናት ላይ ባዶ ቦታ አየች። የታይፒስት ዓይን ዓምድ ውስጥ ክፍት ቦታ ሲያይ ያመዋል። ሞላችው። አዲሷ የጋሼን ቁጥር ለበሰች።

በሳምንቱ አዲሷ ከደረጃው አፋፍ ሆና "እቴቴ፣ ማሽኑ 'የተፈቀደልሽ ቦታ ሞልቷል' ይለኛል" አለቻት።

"ምን አጨቅሽበት?"

"ኧረ ምንም! ገና አንድ ሪፖርት ነው የጻፍኩት።"

"በቃ የማያስፈልግሽን አጥፊዋ!" አለች እሜቴ ቶሎ። ይህን ስትል ፊቷ ወደ ሌላ፣ እግሯም ወደ ሌላ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የማሽን ክፍሉ ስልክ ጠራ። የጋሼ ባለቤት ናቸው።

"ሰኞ ይመጣል" አሉ።

"ማን ነው የሚመጣው እትዬ?"

"ማን ትይኛለሽ? እሱ ነዋ! እግሩ ተሽሎታል። እጁም ግራው ደህና ነው። ኃላፊያችሁን አነጋግረነው ነበር። መጥቶ ማሽኑ ፊት ቁጭ ብሎ ሥራውን ከቻለ እስከ ጡረታው አማካሪ ሆኖ ይቀመጣል፤ ካልቻለ በሕክምና ይሰናበታል አለን።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ልጄ፣ ቤት ውስጥ ግድግዳ ነው የሚያየው። አያወራ፣ አይበላ። ትላንት ሰኞን ሲሰማ ሸሚዜን ተኩሺልኝ አለኝ። ይሄ እምቢ ካለው እኔንጃ፣ የሚነሳልኝ አይመስለኝም።"

እሜቴ ቶሎ "እሺ እትዬ፣ ይምጡ፣ ሁሉም እንደነበረ ነው" አለች። ዓይኗን በጨው አጥባ።

ስልኩን ዘግታ ወደ ኪቦርዱ ተወረወረች። ምን ችግር አለው፣ ደግሜ እጽፋቸዋለሁ ብላለች። መጀመሪያ ግን ፎልደራቸውን ልይ አለች። ከፈተችው። ከእያንዳንዱ ፋይል አጠገብ የባለቤቱ ስም ይጻፋል። የጋሼ ስም የለም። ከላይ እስከ ታች፣ ዓመታት በፈጀው ንድፍ ሁሉ ላይ የተጻፈው የአዲሷ ልጅ ስም ነው።

ክው አለች። ያኔ ነው ሳይጨርሱ የቀሩት ዓረፍተ ነገር ራሱን የጨረሰው። ማሽኑ የፋይሉን ባለቤት የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ ነው። ስሙን ከማውጫው ስታጠፊው ቁጥሩ ያለ ሰው ይቀራል፤ ቁጥሩን ለሌላ ስትሰጪው ደግሞ ንብረቱ ሁሉ ከነቁጥሩ ይሄዳል። ቦታሽ ሞልቷል የተባለችው ልጅ ቦታዋ የሞላው በጋሼ ዕድሜ ነው። እሷስ ምን ብላ መለሰችላት? አጥፊዋ!

ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። "ምን አጠፋሽ? ንገሪኝ፣ ምን አጠፋሽ?" ብላ የልጅቷ ጠረጴዛ ላይ ተደገፈች።

"እርስዎ እንዳሉኝ በስሜ ያለውን ሁሉ ፈለግኩ" አለች አዲሷ ደንግጣ። "ብዙ ነው። ትንንሽ ፕሮግራሞች ያሉበት አንድ ፎልደር አጠፋሁ። የቀሩት የጉድጓድ ንድፎች ሲሆኑብኝ ፈራሁና ተውኳቸው።"

እሜቴ ቶሎ ልጅቷን አገላብጣ ሳመቻት። ስለ ፍርሃት እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

የጠፋው ፎልደር ከጋሼ ከራሳቸው ካዝና ወጣ። ሰውየው ሁሉንም ነገር በየጊዜው ሌላ ዲስክ ላይ የሚቀዳ ትእዛዝ ትተው ነበር፤ ማውጫውንም ጭምር። በአሮጌው ቅጂ ውስጥ ስማቸው፣ ቁጥራቸው፣ የተመሰጠረው የይለፍ ቃላቸው እንዳለ ተቀምጧል። የተመሰጠረውን ማንም ገልጦ ሊያነበው አይችልም፤ ማሽኑ ግን ትክክለኛውን ቃል የጻፈለትን ሰው ያውቅበታል። የታመሙት ሰውዬ የታመሙ ቀን በትእዛዛቸው የተቀዳ ቅጂ ነው የሚያድናቸው። ይህን ስታስብ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው።

የከፋው ባለሙያዎቹ ሁሉ አብረው የሚጽፉበት የጋራ ፎልደር ነው። እዚያ ውስጥ ጋሼ እስከታመሙ ድረስ፣ አዲሷ ደግሞ ከመጣች ጀምሮ በአንድ ቁጥር ጽፈዋል። ልጅቷ አዲስ ቁጥር ትወስዳለች፤ ጋሼ የድሮውን ይለብሳሉ። ግን የትኛው ፋይል የማን ነው? ቀኑ እንዳይነግራት ልጅቷ አንዳንዶቹን የጋሼ ንድፎች ከፍታ አርማቸዋለች። በአንድ ትእዛዝ የሚለይ ነገር አይደለም። አንድ በአንድ ከፍቶ ማየት፣ መጠየቅ፣ መወሰን ነው።

ስለዚህ ዓርብን ሙሉ እሜቴ ቶሎ ተቀመጠች። የተቀደደው ወንበር ላይ፣ ከአዲሷ ጎን። "ይሄስ? ያንቺ ነው የእሳቸው?" "የእሳቸው ነው፤ ይቺን ቁጥር ብቻ ነው እኔ የቀየርኩት።" "ይሄስ?" እግሯ ጠረጴዛው ሥር ሲርገበገብ ኪቦርዱ አብሮ ይንቀጠቀጣል። እየተነሳች ትቀመጣለች፣ እየተቀመጠች ትነሳለች። የሒሳብ ክፍል ሴቶች ወሬውን ሰምተው በበሩ መስታወት እያጮለቁ አዩዋት፤ አንዷማ "ምነው፣ ታማለች እንዴ?" ብላለች። ለኃላፊው አልተናገረችም፤ አዲሷንም "ሆድ ይፍጀው" አለቻት። ቅዳሜ ረፋድ ሲያልቅ ጋሼን ወደ ዛፉ መለሰቻቸው። የእያንዳንዱን መስመር ጠርዝ በጣቷ እየነካች፣ ክፍት ቦታ እንዳይኖር። ከዚያ ማሽኑን "ይሄን ሰውዬ ታውቀዋለህ?" ብላ ጠየቀችው። ስማቸውን ከነቁጥራቸው መለሰላት።

ሰኞ ጋሼ በባለቤታቸው ክንድ ተደግፈው መጡ። ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል። አንገታቸው ከኮሌታው ቀጥኗል። ኃላፊው እጁን አጣምሮ በሩ ላይ ቆመ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን መወሰን አለበት። ጋሼ ጥጋቸው ሄደው ጥቁሩ ስክሪን ፊት ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና በግራ እጃቸው አንድ ጣት ስማቸውን ጻፉ። ማሽኑ የይለፍ ቃል ጠየቀ።

ጋሼ ረጅም የይለፍ ቃል የሚወዱ ሰው ናቸው። ያን ቃል ለዓመታት በሁለት እጅ ሲጽፉት ጣታቸው እንጂ አፋቸው አያውቀውም። አሁን በአንድ ጣት ፊደል ይፈልጋሉ። ጥቁሩ ስክሪን ደግሞ የይለፍ ቃል ሲጻፍበት ኮከብ እንኳ አያሳይም፤ የት እንደደረሱ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ጻፉ፣ ቆሙ፣ አሰቡ፣ ጻፉ። ድንገት ስክሪኑ ብልጭ አለና እንደገና ስም ጠየቀ።

ደግመው ሞከሩ። ስክሪኑ ብልጭ አለ፤ ስም ጠየቀ።

"አያ... ውቀኝም" አሉ ጋሼ። ባለቤታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። "ቀለል ያለ ፓስዎርድ አውጪላቸውና ራስሽ ጻፊላቸው፤ ምን ቸገረሽ?" አላት።

የእሜቴ ቶሎ እጅ ቀድሞ ተዘርግቶ ነበር። ትችላለች። አንዴ ጻፍ ጻፍ አድርጋ ታስገባቸዋለች። ከዚያስ? ኃላፊው የሚያየው ሰው ያስገባቸውን ሽማግሌ ነው። እጇን ሰበሰበች። ቅዳሜ መዝገቡን በጣቷ ዳብሳዋለች፤ ስሕተት የለበትም። ታዲያ ምንድን ነው? ጋሼ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክሩ እሷ የእሳቸውን ጣት ትታ ስክሪኑን ብቻ አየች። ከመጥፋቱ በፊት አንዲት መስመር ብቅ ብላ ጠፋች። ቃሉ ስሕተት ነው አይልም። ጊዜው አልፏል ነው የሚለው።

ማሽኑ በር ላይ ለቆመ ሰው የሚሰጠው አንድ ደቂቃ ነው። በዚያ ውስጥ ጽፎ ካልጨረሰ ፊቱ ላይ ይዘጋበታል። ጋሼን ሳያውቃቸው ቀርቶ አይደለም፤ አላስጨረሳቸውም። እሜቴ ቶሎ ፊቷ ጋለ። ሰው በልቶ ሳይጨርስ ሳህን የምታነሳ፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ገባኝ የምትል፣ ሰው ታሞ ሳይጨርስ የምትሰርዝ ሴት ናት። ማሽኑ እሷን ነው የሚመስለው።

"አንድ ጊዜ ጋሼ" አለች። ጠዋት ክፍት አድርጋ ወደተወችው ሁለተኛ መስኮት ሄደች። በማሽኑ አስተዳዳሪ ስም ገብታ ያችን አንድ ደቂቃ የምትለውን መስመር አገኘቻት፤ አስፍታ አስፍታ ጻፈቻት። ከዚያ የተቀደደ ወንበሯን ጎትታ አጠገባቸው ተቀመጠች። እጆቿን ከጭኗ ሥር አደረገች።

"ይጻፉ" አለቻቸው። "አሁን ይጠብቅዎታል።"

ጋሼ ጀመሩ። አንድ ፊደል። ጣታቸው አየር ላይ ቆመ። ሌላ ፊደል። የኃላፊው ስልክ ጠራና "እመለሳለሁ" ብሎ ወጣ። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። እሜቴ ቶሎ ተረከዟ ሊነሳ ሲል መሬቱን ትረግጠዋለች። ያ የልጅነት ስጋት እንደገና ተነሳ፤ ይኸው ቁጭ ብለሻል፣ ይኸው ክፉ ነገር ይመጣል ይላታል። አልተነሳችም። ጋሼ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ግንባራቸው እያላበ፣ ፊደሎቹን ከጣታቸው ትዝታ አንድ በአንድ ለቀሙ። በመጨረሻ ትልቁን ቁልፍ ተጫኑ።

ገቡ።

ባለቤታቸው እልል ሊሉ ነበር፤ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ኃላፊው ሲመለስ ጋሼ ንድፎቻቸውን ከፍተው በግራ እጃቸው እያገላበጡ፣ አንዱ ላይ ቆመው "ይሄን... ማን... አረመው? ጥሩ... ነው" ይላሉ። ኃላፊው ትንሽ ቆሞ አየ። "እንግዲህ ጠረጴዛዎ ይኸው ነው" አላቸውና ባለቤታቸውን ለወረቀቱ ጉዳይ ይዞ ወደ ላይ ወጣ።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ጋሼ ትእዛዝ ጻፉ። በማውጫው ውስጥ የራሳቸውን መዝገብ ነው የጠየቁት፤ እሜቴ ቶሎ የማታያቸውን፣ ማውጫው ለራሱ የሚይዛቸውን የተሸሸጉ መስመሮች ጨምረው። ከሥር አንድ ቀን ተጽፏል፤ መዝገቡ የተፈጠረበት ቀን።

ጣታቸውን ቀኑ ላይ አሳረፉ። "ቅዳሜ... ነው... የተወለድኩት?" አሉ።

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። "ሰርዤዎት ነበር ጋሼ" አለች። "ዝጊው ነው የተባልኩት። እኔ ሰረዝኩዎት። ቁጥርዎንም ለሌላ ሰጠሁት። ይመጡ አይመጡ እያልኩ መጠበቁን አልቻልኩም፤ ይቅር ይበሉኝ።"

ጋሼ አልተቆጡም። የአፋቸው ደህናው ወገን ፈገግ ያለ መሰላት። "እን... ግዲህ" አሉ፣ "ለምን... እንደማይሰረዝ... ልንገርሽ። ማሽኑ... የፋይሉን... ባለቤት..."

ግራ እጃቸውን አንስተው መነጽራቸውን ያዙ። በአንድ እጅ ማውለቅ ጊዜ ይወስዳል። በአንድ እጅ መወልወል ደግሞ የባሰ ነው፤ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሸሚዙ ጫፍ አሹት። እሜቴ ቶሎ የቀረውን ታውቀዋለች፤ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ በገዛ ላቧ ተምራዋለች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ላይ ቤት ደግሞ የሒሳብ ክፍል ሰው "እሜቴ ቶሎ! ኧረ ፕሪንተሩ!" እያለ ይጣራል።

ጋሼ መነጽራቸውን መልሰው እስኪያደርጉ፣ ዓረፍተ ነገሩንም ከነማሰሪያ አንቀጹ እስኪጨርሱት ድረስ እጆቿን ከጭኗ ሥር አላወጣችም።